የ17 ቀን ኩርፊያ፦ ከጎንደር የተከፈተ ክርና የመጡት ምላሾች

የተኳረፉ ባልና ሚስት የትዳር አማካሪ ዘንድ ቢሄዱ ይጠቅማል ወይ የሚለውን ጥያቄ በኢንተርኔት መወያያ ላይ የከፈትሁት እኔ ነኝ፤ ክር የምለው ጥያቄውንና ከሥሩ የተጻፉትን ምላሾች ነው። ሐሙስ ነበር፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ። ቤታችን አዘዞ ነው። ልጆቹ ተኝተዋል። ባለቤቴ መኝታ ክፍል ናት። እኔ ሳሎን ስልኬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ካልተነጋገርን 17 ቀን ሆኖናል። ምግብ ይቀርባል፣ እበላለሁ። ሸሚዝ ይተኮሳል፣ እለብሳለሁ። የምፈልገውን ለልጄ እነግራታለሁ፣ እሷ ለእናቷ ታደርሳለች። የ8 ዓመት ልጅ በሁለታችን መካከል መልእክተኛ ሆናለች።

የጠቡ መነሻ ገንዘብ ነው። ባለቤቴን ሳላማክራት ለወንድሜ ገንዘብ ላክሁ። እሷ ያወቀችው ስልኬ ላይ ከባንክ የመጣውን መልእክት አይታ ነው። ግን ነገሩ ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። በ11 ዓመት ትዳራችን ስንጣላ የምናደርገው ያው አንድ ነው። እሷ ትናገራለች፣ እኔ ዝም ብዬ እዘጋለሁ። በ16ኛው ቀን ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሳ ስትመለስ በሩ ላይ ቆመችና አንድ ነገር ብቻ አለችኝ። አብረን የትዳር አማካሪ ዘንድ እንሂድ አለች። አልመለስሁላትም።

ክሩ ላይ የጻፍሁት ይህንኑ ነው። ሽማግሌ እያለ፣ የንስሐ አባት እያለ፣ ለማናውቀው ሰው ገመናችንን መዘርዘር ምን ይጠቅማል? የሄደ ሰው ካለ ይንገረኝ አልሁ። እስከ እሑድ ማታ 34 ምላሽ መጣ። ጠቅለል አድርጌ እንዳወጣው የጠየቁኝ ስላሉ እንደ አመጣጡ እነግራችኋለሁ። የማንንም ስም አላነሳም።

የመጀመሪያው ምላሽ አጭር ነው። ዝም ብዬ ብጠብቅ እንደሚያልፍ የሚያጽናና ነው። 2ኛዋ ወዲያው ተቃወመችው። ሳይነገር የሚያልፍ ነገር እንደማያልፍ፣ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ለሚቀጥለው ጠብ ስንቅ እንደሚሆን ጻፈች። እውነቷን ነው። በእኛ የዘንድሮ ጠብ ውስጥ የዛሬ አምስት ዓመት ለፋሲካ እናቴ ቤት የሆነው ነገር ሳይቀር ተነሥቷል።

በ3ኛው የመጡት ጡረታ የወጡ አባት ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። የአራዳ ሰው ናቸው፣ ከ40 ዓመት በላይ ሲያስታርቁ ኖረዋል። ልጄ ብለው ነው የጀመሩልኝ። ሽማግሌ የሁለታችሁንም ወላጆች ያውቃል፣ ስትጋቡም ነበረ፣ ለቅሶ ላይም አይቀርም ይላሉ። ቃልን ያፈረሰ ሰው ነገ መንገድ ላይ የሽማግሌውን ዓይን ማየት አለበት። በቀጠሮ ተከፍሎት የሚያነጋግር ሰው ግን ሰዓቱ ሲደርስ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህ ሐሳባቸው አሁንም በእኔ ዘንድ ክብደት አለው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺ የፈለጉ ባልና ሚስት ጉዳይ የሚታየው በቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች እንደነበርም አስታወሱን።

4ኛው ጠበቃ ነው። የጋሼን ነገር በአክብሮት አረመ። የዱሮው ልክ ነው፣ ግን የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ከወጣ ወዲህ በፍቺ ጋብቻን የሚያፈርሰው ፍርድ ቤት ብቻ መሆኑን ገለጸ። ፍርድ ቤቱ ግን ዝም ብሎ አያፋታም። ባልና ሚስቱን አብሮም ለየብቻም ያነጋግራል፣ በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታረቁ ይመክራል፣ ከ3 ወር ያልበለጠ የማሰቢያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል። 5ኛዋ ደግሞ ጠበቃውን አረመችው። ያ አዋጅ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ እንደሆነ፣ አማራ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 እንዳወጣ ነገረችው። በ7ኛው ተመልሶ አመሰገናት። እኔ ግን ስለ ፍቺ ሲያወሩ ሆዴ ተረበሸ። የጠየቅሁት ስለ ኩርፊያ ነበር።

6ኛዋ ላይ ቆም ልበል። ደጋግሜ ያነበብሁት የእሷን ነው። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ፊት ቀርባለች። ሦስት ጊዜም ታርቃለች። ሁልጊዜ የሚፈለገው ያጠፋው ማን እንደሆነ ነው። ጥፋተኛው ይቅርታ ይጠይቃል፣ ሌላው ይቅር ይላል፣ ይመረቃል፣ ቡና ይጠጣል። በሁለተኛው ወር ያው ጠብ በሌላ ምክንያት ይመለሳል። ባሏ ለሥልጠና አዲስ አበባ በነበረ ጊዜ ልትጠይቀው ሄደችና አብረው አማካሪ ዘንድ ገቡ። ሰውዬው ማን እንዳጠፋ አልጠየቃቸውም። የጠየቃቸው የመጨረሻው ጠብ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ነው። ባልየው ቤት ከገባባት ደቂቃ እስኪተኙ ድረስ፣ ማን ምን አለ፣ ያኔ ሌላው ምን አደረገ፣ በልቡስ ምን አሰበ። አማካሪው እየሰማ ወረቀት ላይ ሣለው። ሥዕሉ ክብ ሆነ። እሷ ባሏ ስለራቃት ትጮሃለች፣ እሱ እሷ ስለጮኸች ይርቃል። ሁለቱም የራሳቸውን እንደ መልስ፣ የሌላውን እንደ መነሻ ነው የሚቆጥሩት። ወረቀቱን ሲያዩ ባሏ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፣ ይህ እኮ የአባቴና የእናቴ ቤት ነው እንዳለ ጻፈች።

እኔም ስልኬን አስቀምጬ ቤቴን አሰብሁ። ክቡ የእኛም ነው።

በ8ኛው የመጣችው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂ የተማረች ልጅ ናት። ጆን ጎትማን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ባልና ሚስት ሲነጋገሩ እየቀረጸ፣ የልብ ምታቸውን እየለካ ለዓመታት እንዳጠና ነገረችን። ትዳርን ይሰብራሉ ያላቸው አራት ናቸው። አንደኛው ነቀፌታ ነው፤ የተደረገውን ትቶ የሰውየውን ባሕርይ መክሰስ። ሁለተኛው ንቀት ነው፤ ማሾፍ፣ መገላመጥ፣ ማሳነስ። ከሁሉ የከፋው እሱ ነው። ሦስተኛው ለማንኛውም ነገር ጥፋቱ የእኔ አይደለም ማለት ነው። አራተኛው መዝጋት ነው፤ በጠቡ መካከል ዝም ብሎ መልስ መንፈግ።

እዚህ ላይ ያለችው ነገር በጣም ጠቀመኝ። መዝጋትና ኩርፊያ አንድ እንዳልሆኑ ጻፈች። የሚዘጋ ሰው ብዙ ጊዜ ስሜቱ ከአቅሙ በላይ የሞላበት ነው። ልቡ በደቂቃ ከ100 በላይ ይመታል፣ ያን ጊዜ የሚባለውን በደንብ አይሰማም፣ ቢናገርም የሚናገረው አይረባም። ለዚህ መፍትሔው እረፍት ነው። ቢያንስ 20 ደቂቃ ተለይቶ መረጋጋት፣ ግን መቼ እንደሚመለሱ ተናግሮ መሄድና በሰዓቱ መመለስ። ኩርፊያ ግን መመለሻ ሰዓት የለውም። ሌላውን ለመቅጣት ሲባል ይረዝማል። የእኔ የመጀመሪያው ሰዓት መሙላት ነበር፣ እሱን አውቃለሁ። የቀረው 17 ቀን ቅጣት ነበር። ይህን ማመን ከባድ ነው፣ ግን ነው።

በ9ኛው አየሩ ተለወጠ። አንድ ወጣት ነገሩን ሁሉ የፈረንጅ ነገር ነው ብሎ አጣጣለው። አባቶቻችን ያለ ቴራፒ 50 ዓመት አብረው እንደኖሩ፣ ይህ ሁሉ የሚመጣው ባህል ሲረሳ እንደሆነ ጻፈ። 10ኛዋ አልማረችውም። 50 ዓመት አብሮ መኖርና ተስማምቶ መኖር አንድ እንዳልሆነ፣ እናቱን ለብቻቸው ጠይቋቸው ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። 11ኛው በለዘብታ ገባ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባለው ተረት የመጣው ከእነዚያው አባቶቻችን ዘመን እንደሆነ፣ ችግሩ ዱሮም እንደነበረ አስታወሰ። ወጣቱ አልመለሰም። እኔ ግን ፍርሃቱ ይገባኛል። ያለንን ሁሉ ጥለን የሌላውን ብቻ እንድንይዝ የተጠየቅን ሲመስል ማንም ይቆጣል።

ከ12 እስከ 15 ወሬው ወደ ሰርግ ሄደ። ለጥር ድግስ ተበድሮ ከሰርጉ ማግስት ዕዳ መክፈል የጀመረ ሰው ምሬቱን ጻፈ። ከእሱ ቀጥሎ የጤፍ ዋጋ መጣ። አንዱ ማራኪ አካባቢ ሁለት ክፍል ቤት የሚያከራይ ሰው ጠየቀ። 15ኛዋ ወደ ጉዳዩ መለሰችን። የሚያጣላን ብሩ ሳይሆን ብሩን ሳይነጋገሩ ማውጣት እንደሆነ፣ እሷም ዕቁብ የደረሳትን ለባሏ ሳትነግር ለእህቷ ሰጥታ አንድ ዓመት ሙሉ እንደፈራች ጻፈች። ያነበብሁት እንደ ባለቤቴ ሆኜ ሳይሆን እንደ ራሴ ሆኜ ነው። እኔም ለወንድሜ ገንዘብ መላኬን የደበቅሁት እንቢ ትላለች ብዬ አልነበረም። መጠየቅን ስለፈራሁ ነው።

16ኛው የአዲስ ዓለም ሰው ነው፣ ሙስሊም ነው። በሱረቱ ኒሳእ 35ኛው አንቀጽ ባልና ሚስት እንዳይለያዩ ሲፈራ ከእሱ ቤተሰብ አንድ፣ ከእሷ ቤተሰብ አንድ አስታራቂ እንዲላክ መታዘዙን ጻፈ። ቁምነገሩ ከሁለቱም ወገን መሆኑ ነው። አንድ ወገን ብቻ ያዘለ ሽምግልና እርቅ እንደማይሆን ጨመረበት። 17ኛው ዲያቆን ነው። የንስሐ አባት ቦታ በማንም እንደማይተካ፣ ነገር ግን ንስሐ ኃጢአትን ለመናዘዝ እንጂ ባልና ሚስት እንዴት እንደሚነጋገሩ ለመለማመድ እንዳልሆነ ጻፈ። ሁለቱም ቢኖሩ አይጋጩም ባይ ነው። እነዚህን ሁለት ምላሾች ተከታትለው ሳያቸው ደስ አለኝ።

18ኛዋ ስትመጣ ክሩ ሁሉ ዝም አለ። ባሏ ይደበድባት ነበር። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ መልሷታል። ሁለተኛ ስትመለስ ክንዷ ተሰበረ። አሁን ከልጆቿ ጋር ለብቻዋ ትኖራለች። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አብረው አማካሪ ዘንድ ቢሄዱ ኖሮ ትዳሩ ይድን ነበር ወይ?

19ኛው ትዳር ትዕግሥት ይፈልጋል ብሎ ሊመክራት ሞከረ። ከ20 እስከ 22 የተጻፈበት ነገር ኃይለኛ ነበር፣ ግማሹን እዚህ አላመጣውም። እኔም ተቆጥቻለሁ። ክንድ ለተሰበረባት ሴት ቻይው አይባልም። 8ኛዋ ልጅ ተመልሳ መጣችና በግልጽ መለሰችላት። ድብደባና ፍርሃት ባለበት ቤት ባልና ሚስትን አብሮ አስቀምጦ ማማከር እንደማይመከር አስረዳች። ሴቲቱ አማካሪው ፊት የተናገረችው ነገር ማታ ቤት ስትገባ ያስመታታል። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ አማካሪ መጀመሪያ ሁለቱን ለየብቻ ያነጋግራል፣ ፍርሃት ካለ አብሮ መቀመጡን ይተወዋል፣ የሚቀድመው ደኅንነቷ ነው። ስለዚህ ቢሄዱ ኖሮ ብላ ራሷን እንዳትከስስ ነገረቻት። ጠበቃውም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት ወንጀል እንደሆነ ጨመረ።

በ24ኛው ጋሼ ተመለሱ። ከዚህ ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ይህ ነው። በ40 ዓመት ውስጥ እሳቸውም እንዲህ ያሉ ሴቶችን ወደ ቤታቸው መልሰዋል። ያኔ ትዳር ያተረፉ መስሏቸው ነበር። የ18ኛዋን ካነበቡ በኋላ አንዷን እንዳስታወሱ፣ አሁን የት እንዳለች እንደማያውቁ ጻፉ። ለ18ኛዋ ልጄ ይቅር በይኝ ብለው ዝም አሉ። ማንም ምንም አልጨመረባቸውም።

ቀጥሎ የመጡት የጠየቅሁትን ተግባራዊ ነገር የነኩ ናቸው። 25ኛው ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው የት እንደሚገኝ ጠየቀ። አንዳንዶቹ ዩኒቨርሲቲውንና ሆስፒታሉን ጠቆሙ። 26ኛዋ ግን የአእምሮ ሕክምና ክፍል በር ላይ ከታየች ከተማው ሁሉ አብዳለች እንደሚላት ፈራች። ከተማችን ትንሽ ናት፣ ፒያሳ ላይ አንድ ሰው ካየህ ቁስቋም ሳትደርስ ወሬው ይቀድምሃል። እሷና ባሏ ከአዲስ አበባ አማካሪ ጋር በስልክ በቪዲዮ ነው የጀመሩት። ኔትወርኩ ሲቋረጥ ክፉ ቃል ላይ ይቋረጥና ሁለቱ ተፋጠው ይቀራሉ፣ ያ ከባድ እንደሆነ አልደበቀችም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የምንል ሰዎች የትዳር በሽታ ሲሆን ግን እንደብቃለን።

27ኛው ሄዶ የተፋታ ሰው ነው። ስምንት ጊዜ ከሚስቱ ጋር አማካሪ ፊት ተቀመጡ። በመጨረሻ ተለያዩ። ነገር ግን አልተጸጸተም። ለምን እንደተለያዩ ሁለቱም ያውቃሉ፣ ልጆቹ ፊት አይጣሉም፣ ልጆቹን መልእክተኛ አያደርጉም። ይህን ሳነብ ልጄ ትዝ አለችኝ። ተፋቶ ልጁን መልእክተኛ ያላደረገ ሰው አለ። እኔ አንድ ጣሪያ ሥር ሆኜ አድርጌያታለሁ።

በእሱ ላይ ተመርኩዛ 8ኛዋ የእውነቱን መጠን ነገረችን። አንድሩ ክሪስተንሰንና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ ትዳራቸው ክፉኛ የተጎዳ 134 ጥንዶችን ተከታትለዋል። እስከ 26 ጊዜ ተማክረዋል። ከ5 ዓመት በኋላ ሲታዩ ግማሽ ያህሉ ተሻሽለው ተገኙ፣ ከሩብ በላይ የሚሆኑት ተለያይተዋል። እንግዲህ ሁሉን የሚያድን ነገር አይደለም። ግን እነዚህ ሰዎች የመጡት በጠና ተጎድተው ነው፣ ግማሹ መሻሻሉ ትልቅ ነገር ነው። 29ኛው ሰዎች አማካሪ ዘንድ የሚሄዱት ችግሩ ከጀመረ በአማካይ ከ6 ዓመት በኋላ እንደሆነ ጻፈ። 30ኛዋ ቁጥሩ ሲደጋገም የኖረ እንጂ በኋላ የተደረገ ጥናት ከ3 ዓመት በታች እንዳገኘ አረመችው። የኛ 11 ዓመት ነው። በዚያ ላይ የተጠየቅሁትም እኔ ነኝ እንጂ የጠየቅሁት አይደለሁም።

31ኛዋ ሱ ጆንሰን የምትባል የካናዳ ባለሙያ በ1980ዎቹ (በፈረንጅ) ከሌስሊ ግሪንበርግ ጋር የጀመረችውን የምክር ዘዴ አነሣች። የዚህ ዘዴ ሐሳብ በጠብ ሥር ያለውን መፈለግ ነው። የምትጨቀጭቀው ሚስት ብዙ ጊዜ አለህልኝ ወይ እያለች ነው። የሚዘጋው ባል ደግሞ የባሰ እንዳያበላሽ ፈርቶ ነው። ሁለቱም ፍርሃታቸውን ሳይሆን ቁጣቸውን ነው የሚያሳዩት። አማካሪው የሚሠራው ያንን ፍርሃት አውጥተው በለስላሳ ቃል እንዲናገሩት ማገዝ ነው። እኔ ስዘጋ ባለቤቴ የምታየው ጀርባዬን ብቻ ሆኖባት እንደኖረ ገባኝ።

32ኛው አማካሪ ሲመረጥ ምን እንደሚጠየቅ ዘረዘረ፤ ምን እንደተማረ፣ ከባልና ሚስት ጋር አብሮ የመሥራት ልምድ እንዳለው፣ የሰማውን በሚስጥር እንደሚይዝ፣ ዳኛ ሆኖ እንደማይፈርድ። 33ኛው አሁንም ማራኪ ላይ ቤት ይፈልጋል። 34ኛዋ 6ኛዋ ናት፤ ወስኜ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ቅዳሜ ማታ፣ ክሩ ገና ሳያልቅ፣ ባለቤቴ ዘንድ ገባሁ። ልቤ ይመታ ነበር። አሁን ብናገር እንደማበላሽ፣ ግማሽ ሰዓት ሰጥታኝ እንደምመለስ ነገርኋት። ተመለስሁ። ስለ ገንዘቡ ይቅርታ ጠየቅሁ። ስለ 17ቱ ቀን ደግሞ ለብቻው ይቅርታ ጠየቅሁ። እሷ ስለ ገንዘቡ አላለቀሰችም፣ ስለ ቀኖቹ ነው ያለቀሰችው።

ባለፈው ማክሰኞ የመጀመሪያው ቀጠሯችን ነበር። አማካሪዋ፣ አንተ ስትዘጋ ውስጥህ ምን ይሰማሃል አለችኝ። ብዙ ደቂቃ መልስ አጣሁ። ባለቤቴ ልትመልስልኝ ስትል አማካሪዋ በእጇ ቆይ አለቻት። እንደ ልጅነቴ ነው አልሁ በመጨረሻ፣ አባቴ ሲቆጣ አልጋ ሥር እንደምገባው። ባለቤቴ ይህን በ11 ዓመት ሰምታ አታውቅም። እኔም ተናግሬው አላውቅም። የቤት ሥራ ተሰጥቶናል፤ ማታ ማታ ስልክ አስቀምጠን 10 ደቂቃ እናወራለን። አንድ ቀን ተሳክቷል፣ አንድ ቀን ተጣልተንበታል።

ዛሬ ጠዋት ሰማያዊ ሸሚዜን ፈልጌ አጣሁ። ልጄ ለእናቷ ልትነግር ተነሣች። ተይ፣ እኔው እጠይቃታለሁ አልኋት።